ከእናት የተመዘዘ ሐረግ

ድንቡሼ የሚለው ስም የወጣላት በሕፃንነቷ ነው። ያኔ ጉንጯ ዓይኗን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም ነበር አሉ። አድጋ እንደ ሸምበቆ ብትመዘዝም፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የላቦራቶሪ ነጭ ጋዋን ብትለብስም፣ ስሙ አልለቀቃትም። እናቷ ፀጉር ቤት አላት። «ድንቡሼ፣ ነይ እስቲ» ብላ በተጣራች ቁጥር አዳዲስ ደንበኞች ዞር ዞር ብለው ወፍራም ሰው ይፈልጋሉ።

እናትና ልጅ የማይስማሙት በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እናት ልጇ እንድታገባ ትፈልጋለች፤ ልጅ ደግሞ እናቷ ይህን ወሬ እንድታቆም ትፈልጋለች። ሁለቱም እስካሁን የፈለጉትን አላገኙም።

ድንቡሼ የምትሠራበት ላቦራቶሪ የሰውን ዘር በእናት በኩል ይመረምራል። አለቃዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬን ያያችሁ የሚሉ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ደግ ሴት፣ ግን ችኩል። አዲስ ማሽን የገባ ሰሞን፣ በትክክል መሥራቱን ለማየት የላቦራቶሪው ሰዎች ሁሉ ጉንጫቸውን በጥጥ ጠርገው ናሙና ሰጡ። ውጤቱ ሲወጣ የሁሉም እንደተጠበቀው ሆነ፤ የአንድ ሰው ብቻ ፕሮፌሰሯን ከወንበራቸው አስነሳቸው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች ድንቡሼ። «ተበላሸ እንዴ?»

«ቁጭ በይ» አሏት። ራሳቸው ግን ቆሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ሰው ከእናቱ ብቻ የሚወርሳት አንዲት ትንሽ የዲኤንኤ ቁራጭ አለች። እናት ለወንድ ልጇም ለሴት ልጇም ትሰጣለች፤ ወንዱ ግን ተቀብሎ ያስቀራታል እንጂ ለልጆቹ አያስተላልፍም። ከእናት ወደ ልጅ ስትገለበጥ ደግሞ በስንት ዘመን አንዴ አንዲት ፊደል ትሳሳታለች። ሁለት ሰዎች የሚለያዩባቸውን ፊደሎች ቆጥሮ የጋራ እናታቸው መቼ እንደኖረች በግምት ማወቅ ይቻላል። የድንቡሼ ሐረግ በዓለም ላይ ከተመዘገበው ሁሉ የተገኘው በሦስት ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። አንዱ በብርዳም ተራሮች መካከል ባለች ከተማ የሚኖር ሲሆን ከእሷ በብዙ ፊደል ይለያል። ሁለቱ ግን ከባሕር ማዶ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ደሴት ላይ ናቸው፤ ከእሷ ጋር አንድም ፊደል አይለያዩም።

«ይገባሻል?» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ከሺህ ዓመታት በፊት ሴቶች በጀልባ ባሕር ተሻግረዋል ማለት ነው! ልጆቻቸውን ይዘው፣ ማዕበሉን ጥሰው!»

«ከሺህ ዓመት በፊት ከሆነ ፊደሎቹ እንዴት አልተለያዩም?»

ፕሮፌሰሯ ጥቂት አሰቡ። «ጠንቃቃ ገልባጮች ነበሩ» አሉና ጽሑፋቸውን ለመጀመር ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ሲገቡም የድንቡሼን እናትና የእናቷን ወገን ናሙና እንድታመጣ አዘዟት።

ፀጉር ቤቱ የዚያን ቀን ሞልቶ ነበር። እናቷ የአንዲቱን ደንበኛ ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች፣ ሌላዋን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ፣ ሦስተኛዋን በወሬ ይዛ ነበር። ድንቡሼ ጥጡን ከላስቲኩ አውጥታ «እማዬ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለቻት።

«ምን ሆንኩ? እኔ ምንም በሽታ የለብኝም።»

«በሽታ አይደለም፣ ዘር ነው።»

«እሱን ከፈለግሽ አባትሽን ጠይቂ፤ ዘር ቆጠራ የእሱ ሥራ ነው። እኔ እናቴ ከየት እንደመጣች እንኳ በቅጡ አላውቅም።»

«አባዬ የሚቆጥረው ወንዶቹን ነው። እኔ የምፈልገው ሴቶቹን ነው።»

ድንቡሼ ነገሩን ስታስረዳ ደንበኞቹ አንገታቸውን አሰገጉ። እናቷ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ሰማቻት፤ የሰማችውንም በራሷ መንገድ አብላላችው።

«ቆይ» አለች። «ወንድ አያስተላልፍም አልሽ?»

«አያስተላልፍም።»

«ስለዚህ ወንድሞችሽ አይቆጠሩም። እህቴ ደግሞ የወለደችው ወንድ በወንድ ነው።»

ድንቡሼ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። ግን ዘግይታለች።

«ስለዚህ» አለች እናቷ፣ ለደንበኞቿ ሁሉ እንዲሰማ ወደ መስታወቱ ዞራ፣ «ከዚህ ሁሉ ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እኔ ስናገር የድሮ ሰው ትለኛለች። ይኸው፣ ሳይንሱም አግቢ ነው የሚለው።»

ካስክ ሥር የተቀመጠችው ሴትዮ ጆሮዋ በአየሩ ጩኸት ተደፍኖ ስለነበር «ማነው የሞተው?» አለች።

«ገና አልሞተም» አለቻት እናት። «ልጄ ካላገባች ግን ሊሞት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ድንቡሼ መውጫ መግቢያ አጣች። ወሬው ከፀጉር ቤት ወደ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤት ወደ ፋርማሲ ተሻገረ። ፋርማሲስቱ ሳል ማስታገሻ ሲሸጥላት «በርቺ እንግዲህ» አላት። እናቷ ሥራ ቦታ ድረስ እየደወለች አንድ ጨዋ የሒሳብ ሠራተኛ መኖሩን ትነግራታለች። እስካሁን የድንቡሼ አለማግባት ጉዳቱ ለእናቷ ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለሰው ልጅ በሙሉ ሆነ።

መላው አንድ ብቻ ነው ብላ አሰበች። ሐረጉን የያዘች ሌላ ሴት ማግኘት። ሸክሙ ለሁለት ከተከፈለ እናቷ ፋታ ትሰጣት ይሆናል።

አንድ እሁድ ከሰዓት እናቷን አስቀምጣ ጠየቀቻት። ሴት አያቷ ታናሽ እህት ነበረቻት። ሁለቱ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ሥራ ፍለጋ ከሩቅ መጥተው፣ ታላቅዬዋ እዚህ ስትቀር ታናሿ የጨው ሠራተኛ አግብታ በረሃ ዳር ወዳለ የጨው ከተማ ሄደች። ሴት ልጅ ወልዳለች የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ ወሬውም ቆመ።

«ለምን አልፈለጋችኋትም?»

«ዛሬ ነገ እያልን ነዋ» አለች እናት። «ዘመድ ቦታው ላይ ያለ ይመስላል፤ የትም የማይሄድ።» ቀጥላም «አውቶቡሱ ጠዋት ነው የሚነሳው» አለች።

የጨው ከተማው ፀሐይ ዓይን ያጠፋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ኩሬዎቹ እንደ መስታወት ተነጥፈዋል፤ ነጩ ክምር በየሜዳው ቆሟል። እናትና ልጅ የሚዛን ጣቢያው ጋ ወርደው የአሮጊቷን ስም ለሚዛን ሠራተኛው ነገሩት። እሱም ሳያቅማማ «እሳቸው እንኳ አርፈዋል፤ ልጃቸው ግን ያቻትና» ብሎ ወደ አንድ የጭነት መኪና ጠቆማቸው።

ከመኪናው ሥር ሁለት እግር ይታያል። እናት ጎንበስ ብላ «እህቴ» አለች። እግሮቹ ተንፏቀው ወጡና ከስልሳ ዓመት የማታንስ፣ ግራሶ የነካት፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ቆመች። ሾፌሯ ራሷ ነበረች።

«የአክስቴን ልጅ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለች እናት። «እናቴና እናትሽ እህትማማች ናቸው።»

ሾፌሯ እጇን በጨርቅ ስትጠርግ ቆየች። ጠርጋም ከጨረሰች በኋላ መጥረጓን አላቆመችም። «እኔን?» አለች በመጨረሻ። «እኔን ፈልጋችሁ?»

ቤቷ ሲገቡ ድንቡሼ የምታየውን ማመን አቃታት። ሾፌሯ አምስት ሴት ልጆች አሏት። አምስቱም አንድ በአንድ እየገቡ ሳሟቸው፤ እናት እያንዳንዷ በገባች ቁጥር ወደ ድንቡሼ እየዞረች ፈገግ ትላለች። ድንቡሼም አምስት ቀንበር ከጫንቃዋ እንደወረደ ሁሉ ቀለላት። ማታውን እናት የአምስቱንም ፀጉር ሠራች። ሾፌሯ ከጎን ተቀምጣ «ለእኔም ጉልበት አትርፊልኝ» ስትል ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

በማግሥቱ ድንቡሼ ጥጡን ስታወጣ ሾፌሯ ጥቂት ዘገየች።

«ግዴታ ነው?»

«አይደለም፣ አክስቴ። ካልፈለጉ ይቀራል።»

«አይ፣ ይሁን። ውጤቱንም ንገሪኝ» ብላ አፏን ከፈተች።

ውጤቱ ላቦራቶሪ ሲወጣ ድንቡሼ ማሽኑን ጠረጠረች። ደግማ ሠራችው። ያው ነው። የሾፌሯ ሐረግ በየመንደሩ የሚገኝ፣ በጣም የተለመደ ሐረግ ነበር፤ ከእነሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሾፌሯ የእናቷ አክስት የሆድ ልጅ አይደለችም ማለት ነው።

«ምን ላድርግ?» አለች ፕሮፌሰሯን። «ባታውቅስ? በስልሳ ዓመቷ እኔ ነኝ እናትሽ እናትሽ አይደለችም የምላት?»

ፕሮፌሰሯ የዚያን ቀን ግን አልቸኮሉም። «ንገሪኝ ብላሻለች፤ መልሱ የእሷ ነው» አሉ። «ግን በስልክ አይሆንም።»

እናቷ ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣች። የተቆጣችው በማን ላይ እንደሆነ ባይታወቅም ለጊዜው ማሽኑን ሰደበችው። ቀጥላም ቦርሳዋን አነሳች። «እኔ ነኝ የምነግራት» አለች። «አንቺ ቃላትሽ የላቦራቶሪ ነው።»

እናት ከሙያዋ የተማረችው አንድ ነገር አለ። ሰው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሞቅ ያለ ውሃ ፀጉሩ ላይ ሲፈስ ክፉ ወሬ ይቀልለዋል፤ ፊቱንም ማንም አያይበትም። ስለዚህ የጨው ከተማው ቤት ጓሮ ውስጥ ሾፌሯን ወንበር ላይ አስተኝታ፣ ድንቡሼ ጆግ ይዛ ውሃ እያፈሰሰች፣ ታጥባት ጀመር።

«እህቴ» አለች ሳሙናውን እያሸች። «ያ ምርመራ ወጣ።»

«እ።»

«ማሽኑ የእኛና የአንቺ አንድ አይደለም አለ።»

ሾፌሯ ዓይኗን እንደጨፈነች ነው። «አውቃለሁ» አለች።

ድንቡሼ ጆጉን አዘነበለችና ግማሹን ውሃ እግሯ ላይ አፈሰሰችው።

«የወለደችኝ ሴት ጨው ኩሬው ላይ የምትሠራ ነበረች፤ እኔን ወልዳ ሞተች። እናቴ ደግሞ ከጎኗ የምትሠራ ነበረች፤ ወደ ቤት ይዛኝ ገባች። ይሄን ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያኔውኑ አትነግሪንም ነበር?» አለች እናት።

«በሕይወቴ ሰው እኔን ብሎ፣ ዘመዴ ብሎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ አያውቅም» አለች። «አንድ ቀን ልቆይበት ብዬ ነው። ያን ጥጥ አፌ ውስጥ ስትከቺው ግን ልዋሻችሁ አልፈለግኩም፤ ማሽኑ ይንገርልኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

እናት እጇ ፀጉሩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ማሸቱን ቀጠለች፤ ከበፊቱ ጠንከር አድርጋ።

«ስሚ» አለች። «አክስቴ አንቺን ልጄ ካለች እኔ ማን ነኝ አይደለችም የምል? አሁን ደግሞ አትንቀሳቀሺ፤ ሳሙና ዓይንሽ ውስጥ ይገባል።»

ሳሙና ገባ አልገባ ባይታወቅም የሾፌሯ ዓይን ቀላ። ከዚያ ሾፌሯ ፎጣውን ራሷ ላይ ጠቅልላ ቀና አለችና ያልጠበቁትን ተናገረች።

«የሆድ ልጇን ከፈለጋችሁ ግን አለች። ታላቅ እህቴ። በእኔ የተነሳ ከቤት የጠፋች።»

ታላቅ እህት እሷን በብዙ ዓመት ትበልጣት ነበር። ሾፌሯ ገና ልጅ ሳለች አንድ ቀን ጥቅልሏን ይዛ ወጣች፤ በኋላ ሲሰማ ወደብ ወርዳ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆና ተቀጥራለች። «እናታችን ለእኔ የምትሳሳልኝን አይታ ተከፍታ ነው» አለች ሾፌሯ። «ማንም አልነገረኝም፤ ግን ይታወቀኛል። ከስንት ዘመን በኋላ አንድ መርከበኛ ለጨው መጥቶ፣ ደሴት ላይ ዓሣ አጥማጅ አግብታለች አለን።»

«የትኛው ደሴት?» አለች ድንቡሼ።

ሾፌሯ የደሴቷን ስም ጠራች።

ድንቡሼ ስልኳን አውጥታ ወደ ጓሮው ጥግ ሄደች። ፕሮፌሰሯ ሲያነሱ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። በወዲያኛው ጫፍ ረጅም ፀጥታ ሆነ።

«ፕሮፌሰር? አሉ?»

«አለሁ» አሉ። «ስለዚህ ያ ሁሉ ጀልባ…»

«ጀልባ የለም። አንድ መርከብ ነው። ወጥ ቤት ያለው።»

«ማዕበሉስ?»

«እሱ እንኳ ሳይኖር አይቀርም።»

ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ አቃሰቱ፤ ከዚያ ድንቡሼ ስልኩን ከጆሮዋ እስክታርቅ ድረስ ሳቁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው» አሉ። «ፊደሎቹ እንዴት አልተለያዩም ብለሽ የጠየቅሽኝ ዕለት ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።»

የቀረው የደሴቷን ናሙና የሰበሰቡት ተመራማሪዎች ሥራ ነበር። ሁለቱን ሰዎች አግኝተው፣ ከጨው ከተማ የሚፈልጓችሁ ዘመዶች አሉ፣ ትፈቅዳላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ሁለቱም የወጥ ቤቷ ልጆች ሆነው ተገኙ። ናሙናው ሲወሰድ እናታችሁ የት ተወለደች ተብለው «እዚሁ» ያሉት፣ እናታቸው ለጠየቃት ሁሉ እንዲያ ስለምትመልስ ነው። እሷ ራሷም በሕይወት አለች፤ ጆሮዋ እንጂ አፏ አልደከመም ተባለ።

ስልኩ የተደወለው ሾፌሯ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ነው። ከመደወሉ በፊት ሾፌሯ ልብሷን ቀይራ ነበር፤ ማንም ባያያትም።

«ማን ልበል?» አለ የአሮጊት ድምፅ።

ሾፌሯ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። እናት ጎሸም ስታደርጋት «እኔ ነኝ» አለች፤ በልጅነት ስሟም ራሷን ጠራች።

ከወዲያ በኩል የባሕር ድምፅ ይሁን የትንፋሽ አንድ ነገር ሹ አለ።

«ጥርስሽ በቀለ?» አለ ድምፁ። «ስሄድ ሁለቱ የፊቶቹ ወልቀው ነበር።»

«በቅለው፣ ደግመው ረገፉ» አለች ሾፌሯ። ከዚያ መታገሥ አቃታት። «በእኔ ነው አይደል የሄድሽው? እናታችን እኔን ስለወደደች?»

«ምን ትላለች ይቺ! አንቺን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«ባሕር ለማየት። ቀኑን ሙሉ ጨው ስታጥቢ እየዋልሽ የመጣበትን ማየት አያምርሽም? እናታችን አይሆንም አለችኝ፤ ተኳረፍን። ሄድኩ። ደብዳቤ ሳላስጽፍ ዓመት አለፈ። ዓመት ሲያልፍ አፈርኩ። ሌላ ዓመት ሲጨመርበት ደግሞ እፍረቱም አረጀ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እናታችንስ?»



«አርፋለች» አለች ሾፌሯ። «ሳህንሽን ከመደርደሪያው ሳታነሳ ነው ያረፈችው። አሁንም እዚያው ነው።»

አሮጊቷ ስታለቅስ ሰሟት። ሾፌሯም አለቀሰች፤ ግን ሸክም እንደቀለለለት ሰው አለቀሰች። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጥፋተኝነት በአንድ ስልክ ሲወርድ ማየት ለድንቡሼ ከየትኛውም የላቦራቶሪ ውጤት በላይ ሆነባት።

ትንሽ ሲረጋጉ እናት ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «የአክስቴ ልጅ፣ እኔም አለሁ» ብላ ራሷን አስተዋወቀችና ለጨዋነት የሚበቃ ያህል ስለ ጤና ጠይቃ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «ለመሆኑ ሴት ልጆች አሉሽ?»

«ሴት? ቤቱ ሴት በሴት ነው። ልጄ ራሷ የወለደችውን ቆጥራ አትጨርስም። በደሴቷ ላይ ጎረምሳ ሁሉ ከእኛ ደጅ አይጠፋም።»

እናት ወንበሯ ላይ ተደላድላ ወደ ኋላ ተደገፈች። ድንቡሼንም በአዲስ ዓይን፣ በርኅራኄ አየቻት። «በቃ» አለቻት። «እንደፈለግሽ ሁኚ።»

ድንቡሼ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አላት። የአንድ ዘር የመጨረሻ ተስፋ ሆና ሰንብታ፣ አሁን ድንገት ከብዙዎች አንዷ ሆነች። የሒሳብ ሠራተኛውን እንኳ ከዚያ ወዲያ ያነሳው የለም።

ፕሮፌሰሯ ጽሑፋቸውን እንደገና ጻፉት። አጠረ፤ ግን እውነት ሆነ። በብርዳሞቹ ተራሮች ያለው ሰውዬ እንዴት ከእነሱ ወገን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ዝምድናው ያለጥርጥር የጥንት ነው ይላሉ። በአንድ ጉዳይ ግን ጠንቃቃ ሆነዋል። ስለ እሱ ከመጻፋቸው በፊት እናቱ ወጥ ቤት ሆና ሠርታ ታውቅ እንደሆነ አስጠይቀዋል።

ባሕሩ ጸጥ በሚልበት ወቅት ታላቅ እህት በመርከብ መጣች። ሾፌሯ ወደቡ ድረስ በጭነት መኪናዋ ሄደች፤ እናትና ድንቡሼ ጋቢና ውስጥ ከጎኗ ተጣበው ነበር። ከመሰላሉ ላይ ትንሽዬ፣ ደረቅ ያለች፣ ሁለት ቅርጫት ዓሣ ያንጠለጠለች አሮጊት ወረደች። እህትማማቾቹ ተያዩ። አንዷ ሰፊ፣ አንዷ ጠባብ፤ አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር። የሚመሳሰል ነገር አልነበራቸውም። አሮጊቷ ቅርጫቶቹን መሬት አስቀምጣ የሾፌሯን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፤ ለመያዝም በእግር ጣቶቿ መቆም ነበረባት።

«ከብደሻል» አለቻት። «አሁን ላዝልሽ ብል አልችልሽም።»

«እኔ አዝልሻለሁ» አለች ሾፌሯ፤ እውነትም ጎንበስ ብላ ጋቢናው ላይ አወጣቻት። እናትና ድንቡሼ ከዓሣው ጋር ከኋላ ተሳፈሩ። መኪናው ከወደቡ ሳይወጣ ገና፣ መስኮቱ ክፍት ስለነበር፣ አሮጊቷ ስትናገር ተሰማ፤ ማርሹ ቶሎ ተቀየረ፣ ፍሬኑ ዘገየ፣ ያን የመሰለ ጉድጓድ እያየሽ እንዴት ትገቢበታለሽ። ሾፌሯ አንድም ቃል አልመለሰችም። ድንቡሼ በመኪናው የጎን መስታወት ስታያት ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ፈገግ ብላ ነበር።